በረሃውን ተዪው፣ ቤቱን ቅረጪ

እኅቴ፣ «ስለ ስደት የአሥር ደቂቃ ፊልም ልሠራ ነው፤ በረሃውንና ጀልባውን በትንሽ ገንዘብ እንዴት ልቅረጸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። መልሴ አጭር ነው፤ አትቅረጪው።

እኔ በመጀመሪያ ፊልሜ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ተዋናዮችና የኪራይ ካሜራ ይዘን ወደ መተሐራ ወረድን። እነርሱ በውኃ ጥም ሲወድቁ ለእኔ የሚታየኝ ከካሜራው ጀርባ የተደረደረው የታሸገ ውኃ ነበር። ተመልካቹም ሳይታየው አልቀረም፤ ገና በሦስተኛው ደቂቃ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ከጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ተነሥቶ ወደ የመን የተሻገረ ሰው እዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ በምን ዐይኔ አየው ነበር?

ሁለተኛውን ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ሠራሁት። መነሻዬ ስድስት ዓመት ቤሩት ሠርታ የተመለሰች የጎረቤታችን ልጅ ናት። እንኳን ደኅና መጣሽ ለማለት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበናል። እናቷ ከቡፌው ባለ ወርቅ ቅብ ሲኒዎቹን አወጡ። ሲኒዎቹን ከዚያ የላከቻቸው ልጅቷ ናት፤ ለእንግዳ ካልሆነ አይወጡም። የመጀመሪያው ሲኒ ለእርሷ ቀረበ። ተቀብላ አጠገቧ ላለው ሰው አሳለፈችውና በሩ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆመች። «ቁጭ በይ እንጂ ልጄ» ሲሏት በርጩማው ጫፍ ላይ ዐረፍ ትላለች፤ ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ ብድግ። አቦል አለቀ፣ ቶና አለቀ፣ እርሷ ቆማለች። የተቀመጠችው በረካው ሲቀዳ ነው።

በዐረብ አገሮች ስላለው ካፋላ የሚባል የውጭ ሠራተኞች ቅጥር ሥርዓት በተራኪ ድምፅ የሚነበብ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር እንደሚታሰር፣ ፓስፖርቷን ብዙ ጊዜ አሠሪዋ እንደሚይዘው፣ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እንደተመለሱ የሚናገር ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ ሆኖም ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማ ሳለ በላዩ ሲነበብ ዜና መሰለብኝ። አወጣሁት።

ያስቸገረችን ተዋናይዋ ናት፤ ማልቀስ ትወዳለች። አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጽናት። በመጨረሻ «ገጸ ባሕሪሽ የሚያስለቅስ ነገር እንዳለ አታውቅም፤ ሥራ ላይ ናት» አልኳት፤ ያን ጊዜ ተሳካ።

ገንዘብሽን ከካሜራ ይልቅ ድምፅ ላይ አውጪው። ምስሉን ደኅና ስልክ ሊያነሣልሽ ይችላል፤ የታክሲ ረዳት ጩኸትና የጊዮርጊስ ደወል የዋጠውን ምልልስ ግን ማንም አያድነውም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሏን ድምፅ ብቻ ሁለት ደቂቃ ቅጂ፤ ኤዲት ስታደርጊ ታመሰግኚኛለሽ። መንገድ ላይ ትሪፖድ ከመዘርጋትሽ በፊት የፈቃድ ደብዳቤ ያዢ። እኔ ባለመያዜ ግማሽ ቀን ከጥበቃዎች ጋር ስከራከር ፀሐይዋ አመለጠችኝ።

ታሪኩ የእውነተኛ ሰው ከሆነ ፊልሙን መጀመሪያ ለእርሷ አሳዪ። የእኛዋ አይታ አንድ ነገር ብቻ አስወጣችን፤ በየወሩ ለቤተሰቧ ትልክ የነበረውን የገንዘብ መጠን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ያቺ ክፍል ዛሬ የለችም። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሰፈሩ ሲፈርስ እናቷም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ጉዳይሽ «የማን ነኝ፣ ወዴት ነኝ» ከሆነ ፓስፖርት ይዘው የማያውቁት እኒህ እናት ዛሬ ከልጃቸው እኩል የሚናገሩት አላቸው። ፒያሳ ራሷ ስሟ የጣልያን ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ባንድ የሆኑት በዚህችው ከተማ ነው፤ አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከአንድ ስደተኛ የአገር መዝሙር መቀበላችንን ሳስብ ይገርመኛል። ይህም ሌላ የአሥር ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል፤ ከፈለግሽው ውሰጂው።

ድርሰትሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ። የልብስ ማይክሮፎን አለኝ፣ አውስሻለሁ፤ ባትሪው ግን ያንቺ ነው።