ቢጫን በጥቁር አታጨልሚው
«አደይ አበባ ስስል ጥላውን በጥቁር ሳጨልመው ለምን አረንጓዴ ይሆንብኛል?» ላልሽው፦ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። ጥቁር ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከቢጫ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ይሆናል። ጥቁሩን ተይውና ቢጫው ላይ በርንት ሳይና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም በጥቂቱ ጨምሪ። አሁንም ከደመቀብሽ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ሐምራዊ ጣል አድርጊበት። ሐምራዊ የቢጫ ተቃራኒ ስለሆነ ድምቀቱን ያበርደዋል። ሲበዛ ግን ጭቃ ነው የሚመስለው።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይንሽን አለማምጂው። እኔን በጣም የረዳኝ ይሄ ነው፦ ግራጫ ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አውጪና በእሱ በኩል ጥላውን ብቻ እዪ። «አበባው ቢጫ ነው» የሚለው ሐሳብ ይጠፋና ወደ ቡናማ ያደላ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የቀላቀልሽውን ካርቶኑ ላይ ከቀዳዳው አጠገብ ቀቢና አነጻጽሪው። የምትስይበት በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር ፈካ አድርጊው።