ገንዘብማ አለ፣ የትኛው ኪስ ውስጥ ነው እንጂ

«አሜሪካ ለመከላከያ ይህን ሁሉ ገንዘብ እየመደበች አንድ ዕቃ ለመግዛት ለምን ዓመታት ይፈጅባታል? አዛዡ አይወስንም እንዴ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የጦር ሰፈር ሒሳብ ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

አዛዡማ ይወስናል። ግን ገንዘቡ ግማሹን ቀድሞ ወስኖለት ይጠብቀዋል። የመከላከያ በጀት አንድ ካዝና አይደለም። እኛ ቢሮ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ገንዘቡ ቀለሙ ምንድን ነው?» ነበር፤ ለምን ዓይነት ሥራ የተመደበ ነው ማለት ነው። የሥራ ማስኬጃና የጥገናው ዕድሜ፣ ማለትም ሥራ ላይ መዋል ያለበት ጊዜ፣ አንድ ዓመት ነው። የምርምሩ ሁለት፣ የመሣሪያ ግዢው ሦስት፣ የመርከብ ግንባታው አምስት። ከአንዱ ቀንሶ ወደ ሌላው ማዞር በሰፈሩ አዛዥ ፊርማ አይሆንም።

አንድ ያረጀ ጀነሬተር ነበረን። ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ያስላል። አዲስ እንዳንገዛ፣ ዋጋው ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ (በ2023 በጀት 350,000 ዶላር ሆነ፣ ያኔ ያነሰ ነበር) በሥራ ማስኬጃ ገንዘብ መግዛት ክልክል ነው። በመሣሪያ መግዣው ይሁን ቢባል ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። ከፋፍላችሁ ግዙት እንዳትል፣ ያስጠይቃል። ስለዚህ አሮጌው ይጠገናል፣ ሲብስበት ሌላ እንከራያለን። መዝገቡ እኔ እጅ ስለነበር የጥገናና የኪራዩ ድምር የአዲሱን ዋጋ ሲጠጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም ሞኝ አልነበረም፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ነበረና ተጠገነ።

ከዚያ ሴፕቴምበር 30 ይመጣል፣ የበጀት መዝጊያቸው። አገር ቤት መሥሪያ ቤት የሰኔን ግርግር ያየ ሰው ያውቀዋል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ከዓመቱ ገንዘብ ከ20 በመቶ በላይ እንዳይወጣ የሚል ሕግ አለ። ቢሆንም አንድ ዓርብ ማታ፣ ቡናችንን በፔርሙስ ይዘን፣ ከካታሎግ የቢሮ ወንበር ስንመርጥ አመሸን። ጀነሬተሩ ውጭ ያስላል።

በጀቱ በሰዓቱ ካልጸደቀ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኮንግረስ ጊዜያዊ በጀት ይሰጥና አምና በነበረው መጠን ትቀጥላለህ። አዲስ ነገር መጀመር ግን አይፈቀድም። የ2024 በጀት ኦክቶበር 2023 ላይ መጀመር ሲገባው የጸደቀው ማርች 2024 ላይ ነው። የእኛም የጀነሬተር ጥያቄ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ተራው ሲደርስ ልክ እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ወደቀ። «አዲስ ግዢ» ተባለና ቆመ። እኔ ሥራውን ስለቅ ገና አልመጣም ነበር።