ሩጫውን ከመተውሽ በፊት ትንፋሽሽ ይለካ

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂዋ የ19 ዓመት የ1500 ሜትር ሯጭ ናት። ኢንተርቫል (በመሃሉ እያረፉ የሚደጋገም ፈጣን ሩጫ) ሠርታ በቆመች በደቂቃዎች ውስጥ ደረቷ ይታፈናል፣ ሲር ሲር ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስላታል። አሠልጣኟ «ሳንባሽ ደካማ ነው» ብለዋታል። እናቷ ደግሞ «ብርድ ነው፣ ተይው» ይላሉ። «ትቼ አካውንቲንግ ልመዝገብ ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሐኪም ቃል ግን አጣሁበት። እስካሁን ትንፋሽሽን የለካ ሰው የለም። ሳይለካ በተባለ ነገር ደግሞ የሕይወት መንገድ አይቀየርም።

የነገርሽኝ ነገር ስፖርት የሚቀሰቅሰውን አስም ይመስላል። ስትሮጪ በአፍሽ ብዙ አየር ትስቢያለሽ። አየሩ የሳንባ ቧንቧሽን ያደርቀዋል፤ ብርድና አቧራ ሲጨመርበት ይብሳል። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተርና መተላለፊያው ይጠባል። ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ከቆምሽ በኋላ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ይለቃል። ግን ደም ማነስም ሆነ የድምፅ አውታር ችግር ትንፋሽ ያሳጥራል። ለዚህ ነው መለካት ያለበት።

ኃይሌ ገብረሥላሴም አስም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግን የአየር ብክለት ፈርቶ የኦሊምፒኩን ማራቶን ተወና 10,000 ሜትር ሮጠ። በስድስተኛው ሳምንት በርሊን ላይ 2:03:59 ገብቶ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የተወው ለሳንባው የማይሆነውን አንድ ውድድር ነው እንጂ ሩጫን አይደለም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄደሽ ስለ ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም ስለ ትንፋሽ መለኪያው ምርመራ፣ ጠይቂ። ከመሮጥሽ በፊትና በኋላ በኃይል ትነፊያለሽ። በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የምታወጪው አየር ከሮጥሽ በኋላ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ምልክቱ እሱ ነው። ራስሽን ስተሽ የምታውቂ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ልምምዱንም አቁሚ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢኝ። ሐኪሙ ጋ ስትገቢ መጀመሪያ የሚወጣሽ ቃል «ተወዳዳሪ ሯጭ ነኝ» የሚል ይሁን። ሳልቡታሞል የጠበበውን የሳንባ ቧንቧ የሚከፍት የአስም መድኃኒት ነው። በአፍ የሚሳበው በልክ ከሆነ ለአትሌት ይፈቀዳል፤ ጣሪያው በ24 ሰዓት 1600 ማይክሮግራም፣ በ8 ሰዓት ደግሞ 600 ነው። አንዷ ፓፍ (መንፊያው አንዴ ሲጫን የሚወጣው) አብዛኛውን ጊዜ 100 ማይክሮግራም ናት። ያው ሳልቡታሞል በኪኒን ወይም በሽሮፕ ሲሆን ግን ዶፒንግ ነው። ሰው «ለሳል ጥሩ ነው» ብሎ ስለሰጠሽ ብቻ የወሰድሽው ሽሮፕ ዓመታት ሊያሳግድሽ ይችላል። የሐኪሙን ወረቀት ሁሉ በአንድ ፋይል አኑሪ።

እስከዚያው ጅሬን ዳገት ላይ በቀጥታ አትውጪ። ከታች 15 ደቂቃ ያህል ተሟሟቂ፤ በመሃሉ አጫጭር ፈጣን ሩጫ ጨምሪበት። በደንብ የተሟሟቀ ሰው ላይ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይቀልለታል። ጠዋት ሲበርድ አፍሽን በስካርፍ ሸፍኚ። ባጃጅ አቧራ የሚያነሳበትን መንገድ ተይው።

አካውንቲንግን ብትወጂው ኖሮ አልከራከርሽም ነበር። ግን በደብዳቤሽ ስለ እሱ ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ ስለ 1500ው ገጽ ሙሉ ጽፈሻል። ምዝገባውን አታሳልፊ፤ ሯጭ ሁሉ ትምህርት በእጁ ቢኖር እወዳለሁ። ስፖርት ሳይንስንም አስቢበት። ለአሠልጣኝሽ ግን «አቆምኩ» አትበያቸው። «ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ» በያቸው፤ ውጤቱን ይዘሽ ጻፊልኝ።