ኢንተርቪው ለቀረባችሁ አዲስ መምህራን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ነሐሴ ሲጋመስ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በግል ትምህርት ቤቶች በር «መምህራን እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ያኔ ስልኬ አያርፍም። ዘንድሮ የተመረቁ ልጆች ይደውላሉ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የተማሪዎቼም ታናናሾች። ስለዚህ «ጥያቄያችሁን ላኩልኝ፣ በአንድ ላይ ልመልስ» አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ዘጠኙን ዓመት ደግሞ አዲስ መምህር ሲቀጠር ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጫለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ከወልድያ፣ የሒሳብ ምሩቅ፦ ቲቸር፣ ውጤቴ 3.4 ነው። ለኢንተርቪው ይህ አይበቃም? ዋናው ነገር ምንድን ነው?

ውጤትህ ጥሩ ነው፣ እስከ በሩ ያደርስሃል። ከበሩ ወዲህ ግን የሚለየው ዴሞው ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስተምር ትባላለህ። ብዙ ጊዜ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ተማሪ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤት እውነተኛ ክፍል ያስገባሃል።

እኔ በመጀመሪያው ኢንተርቪዬ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። ርዕሱን ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ቾኩን አነሳሁ፣ ጀርባዬን ሰጠሁ፣ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላሁት። ዞር ስል ጊዜው አልቋል። ከተቀመጡት አንዱን እንኳ ጥያቄ አልጠየቅሁም። አንዲት ጠያቂ ቀስ ብላ «የኔ ልጅ፣ እኛ እኮ እዚህ ነበርን» አለችኝ። ሥራውን አላገኘሁም። ያቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ ክፍል ስገባ ትዝ ትለኛለች። አሁን እኔም ከዚያ ወገን ስቀመጥ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው፦ ይህ ልጅ እኛ መኖራችንን ያውቃል ወይ?

ከኮምቦልቻ፣ የፊዚክስ ምሩቅ፦ ታዲያ ለዴሞ ምን ርዕስ ልምረጥ? እንዴትስ ልጀምር?

ምርጫው ላንቺ ከተተወ ትንሽ ርዕስ ያዢ። «ሙቀት» ብለሽ አትግቢ፣ በ15 ደቂቃ አትጨርሺውም። «ውሃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን» ብትዪ ይበቃል። ደግሞም እኛ ሠፈር ለዚህ ርዕስ የተፈጠረ ነው።

እንዲህ አድርጊው። «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም 100 ይላል። «ደሴ ላይስ?» በያቸው። ዝም ይላሉ። ያቺን ዝምታ አትፍሪያት፣ ሦስት አራት ሰከንድ ተያት። ከዚያ «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የገባች እናት ባቄላው አልበስል አለኝ ብላ ስትማረር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» በይ። አሁን ክፍሉ ያንቺ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን አየር ይቀንሳል። የአየር ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ሳይቸገር ቶሎ ይፈላል። ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። መንተክተኩን ያየ ሰው ውሃው የጋለ ይመስለዋል እንጂ ባቄላው የሚያገኘው ሙቀት ያነሰ ነው። ለዚህ ነው የሚቆየው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የወረደ ልጅ ሁሉ ይህን ትምህርት አይረሳውም።

ሰሌዳውን ከግራ ጀምሪ። ከላይ ቀን፣ የትምህርት ዓይነት፣ ርዕስ። ከሥር ሦስት መስመር ብቻ። ጽፈሽ ዙሪ፣ ተናገሪ፣ ጠይቂ። እየጻፍሽ አታውሪ። መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ አስቀሪና «ላሊበላ ላይስ ውሃው ከደሴ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ይፈላል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ለምን?» ዓይነት ጥያቄ ጠይቂ። የተረዱትን የምታውቂው በዚህ ነው። ጠያቂዎቹም ይህን ይጠብቃሉ።

የሌላ ትምህርት ምሩቃንም እንዲሁ አድርጉ። ጂኦግራፊ ከሆነ ቦርከና አለላችሁ። ወደ አዋሽ የሚገባ ወንዝ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ላይ ይቀራል። አማርኛ ከሆነ የወሎ ምርቃት አለ። ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ የአገራችን ቦታዎች ናቸው።

ከሐይቅ፦ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ይዤ ልግባ?

ባይጠይቁህም ይዘህ ግባ። ሁለት ኮፒ አድርገው፣ አንዱን ለጠያቂዎቹ ስጥ። ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪዎቹ ተግባር፣ መርጃ መሣሪያ፣ ምዘና እና ሰዓት ይኑሩት። ዓላማው ላይ «ተማሪዎች ይረዳሉ» አትበል። መረዳትን በዓይን ማየት አይቻልም። «ይዘረዝራሉ»፣ «ያወዳድራሉ»፣ «ያሰላሉ» በል። የተማሪዎቹ ተግባር ላይ «ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ» ብቻ ከሆነ ዕቅዱ ተማሪ የለውም ማለት ነው።

ከመርሳ፦ ምን ምን ማስረጃ ልያዝ?

ኦሪጅናልና ኮፒ፦ ቴምፖ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ወይም ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር)፣ ሲቪ፣ የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ። ማስታወቂያው ሌላ ከጠየቀ እሱንም ጨምሪ። ኮፒውን በዚያው ጠዋት አደርጋለሁ አትበዪ። መብራት ይጠፋል።

ከኮን፦ «አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ ቢኖርህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ጓደኛዬን ጠየቁት። እኔ ብሆን ምን ልበል?

ይህ የሚወደድ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ውሸት አይደለም። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው፣ እኛ ግን ከዚያ በላይ ይዘን እናስተምራለን። «ሁሉንም በእኩል እከታተላለሁ» አትበል፣ ማንም አያምንህም። የምትችለውን ተናገር። ለምሳሌ በቡድን ማስቀመጥ። የየቡድኑን አስተባባሪ በየሁለት ሳምንቱ መቀየር። በአንድ ክፍለ ጊዜ የአስር ልጆችን ደብተር ማየት፣ በሰባት ክፍለ ጊዜ ክፍሉን ማዳረስ። የኋላ ወንበር ላይ ቆሞ ማስተማር።

አንድ ነገር ጨምር። ልጆቹ ከየት እንደመጡ እንደምታውቅ አሳይ። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን አዳረሰ። ወንበሩ ተሰበረ፣ መጽሐፉ ነደደ፣ ልጆቹ ተሰደዱ። ያኔ ፊደል መቁጠር የጀመሩ ዛሬ ከፍ ያለ ክፍል ደርሰዋል። ሰባተኛ ክፍል ሆኖ አንቀጽ አንብቦ የማይጨርስ ልጅ ቢገጥምህ ሰነፍ አትበለው። «የመጀመሪያውን ሳምንት አዲስ ትምህርት አልጀምርም፣ አጭር የመለያ ፈተና ሰጥቼ የጎደላቸውን አያለሁ» ያለን አንድ ወጣት ነበር። ሌላውን ጥያቄ ሳንጨርስ ልባችን ወደ እሱ ሄደ።

ከደሴ፦ ረባሽ ተማሪን እንዴት ትቀጪዋለሽ ቢሉኝስ?

ዱላ የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። «ትንሽ ቆንጠጥ» እንኳ አትበዪ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። ከሕጉም በፊት ግን የተመታ ልጅ የሚማረው መፍራትን ነው። መጀመሪያ ለብቻው አናግረዋለሁ፣ ለምን እንደሚረብሽ አጣራለሁ፣ ቦታ እቀይረዋለሁ፣ ኃላፊነት እሰጠዋለሁ፣ ካልሆነ ወላጅ እጠራለሁ በይ። ቅደም ተከተሉን ያውቃሉ፣ አንቺም እንደምታውቂው አሳዪ።

ከከሚሴ፦ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው?

ለ9ኛ ክፍል እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተዘጋጅ፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና። ራስህን የምታስተዋውቅበትን አንድ ደቂቃና ዴሞህን በእንግሊዝኛ ጮክ ብለህ ተለማመድ። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ስህተት ከሠራህ አርመህ ቀጥል፣ ይቅርታ አታብዛ።

ከወረኢሉ፦ እውነቱን ልንገርዎት ቲቸር፣ መምህርነትን የመረጥሁት ሌላ ሥራ ስላጣሁ ነው። «ለምን መምህር መሆን ፈለግህ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ስለ ግልጽነትህ አከብርሃለሁ። አትዋሽ፣ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሕልሜ ነበር» የሚለውን በቀን አስር ጊዜ እንሰማዋለን። ይልቅ እስቲ አስብ። ታናሽህን ሒሳብ አስረድተህ ታውቃለህ? ግቢ እያለህ ለጓደኞችህ ከፈተና በፊት ያስረዳኸው ነገር የለም? «ገባኝ!» ሲሉህ የተሰማህን ታስታውሰዋለህ? እሷን ንገራቸው። አንድ እውነተኛ ታሪክ ይበቃል። ፈልገህ ፈልገህ አንድም ካጣህ ግን ወንድሜ፣ ከመግባትህ በፊት ደግመህ አስብበት። የምትቆመው የሰው ልጆች ፊት ነው።

ከቢስቲማ፦ የተመረቅሁት በአፕላይድ ባዮሎጂ ነው። ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደው የመምህርነት ሥልጠና ዲፕሎማ) የለኝም። ይቀጥሩኛል?

የማስተማር ሥልጠና ያለው ይቀድማል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለመቆየት ካሰብሽ ፒጂዲቲው አይቀርልሽም። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ሳይኖርሽም ያወዳድሩሻል። ያኔ ዴሞሽ የበለጠ መጠንከር አለበት። «ለመማር ዝግጁ ነኝ» በማለት አታቁሚ፣ መቼ ለመመዝገብ እንዳሰብሽ ተናገሪ።

ከደሴ፦ በሒጃብ ብገባ ችግር አለው?

የለውም፣ አብሽሪ። ወሎ ነው ያለነው። ንጹሕና የተተኮሰ ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ አለቀ። ወንዶቹም እንዲሁ፣ ሱፍ ግዴታ አይደለም።

ከላሊበላ፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት ለምን ወረደ ብለው ቢጠይቁኝስ?

ቁጥሩን እወቅ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ኩረጃው ተዘጋ፣ የተሸፈነው ጉድለት ታየ። መንግሥትን ወይም ተማሪውን እየወቀስህ አትቆይ። «በእኔ ክፍለ ጊዜ ምን እቀይራለሁ?» ወደሚለው ቶሎ ና። ለምሳሌ ተከታታይ ምዘናን ማርክ ለመሙላት ሳይሆን ያልገባውን ለመለየት እንደምትጠቀምበት ንገራቸው።

ከወገል ጤና፦ ያለ ዘመድ አይቀጥሩም ይላሉ። ልልፋ?

ያማል፣ አውቃለሁ። አይከሰትም ብዬ አልዋሽህም። ግን በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ዘመድ የሌላቸው ልጆች በዴሞአቸው ብቻ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሩ መምህር ያጣ ትምህርት ቤት ወላጅ ይሸሸዋል፣ ባለቤቱም ያውቀዋል። አንድ ቦታ አመልክተህ አትቀመጥ። አምስት ቦታ አመልክት። በመንግሥት በኩልም የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የዞን መምሪያውን ሰሌዳ በየሳምንቱ እይ፤ እዚያ የጽሑፍ ፈተና ሊኖር ስለሚችል የ9ኛ እና የ10ኛን መጽሐፍ ከልስ። ገጠር ነው ብለህም አትተው። እኔ መምህርነትን የለመድሁት ገጠር ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው?

ነውር አይደለም። ግን መጨረሻ ላይ፣ እነሱ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉ። የሳምንት ክፍለ ጊዜው ስንት እንደሆነም አብረሽ ጠይቂ። 30 ክፍለ ጊዜ እና 20 ክፍለ ጊዜ በአንድ ደመወዝ እኩል አይደሉም። ክረምት ላይ ይከፈል እንደሆነም ጠይቂ፣ ውሉንም ሳታነቢ አትፈርሚ።

ከኩታበር፦ ነገ ጠዋት 2:30 ደሴ ላይ ኢንተርቪው አለኝ። ልቤ እየመታ ነው። አሁን ምን ላድርግ?

አሁን አዲስ ነገር አታጥኚ። ታናናሾችሽን ሰብስቢና ዴሞሽን አንድ ጊዜ ለእነሱ አስተምሪ፣ ያልገባቸውን ይጠይቁሽ። ወረቀትሽን ፌስታል ውስጥ ሳይሆን ክላሰር ውስጥ አድርጊ። ሁለት ቾክ ያዢ። ጠዋት መኪናው ሳይሞላ ቆሞ ሊያስጠብቅሽ ስለሚችል ከ12 ሰዓት በፊት መናኸሪያ ድረሺ። ቁርስ በልተሽ ውጪ። ስትገቢ መጀመሪያ ሰላም በያቸው፣ ስማቸውን ጠይቂ፣ ከዚያ ቾኩን አንሺ።