አራተኛ ሰርተፍኬት ልጨምር ወይስ ሥራ ላስቀድም?

ውድ ጠያቂ፣ የላኩልኝን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በዲግሪ ከተመረቁ በኋላ በዌብ ፕሮግራሚንግ፣ በዳታቤዝና በኔትወርክ 3 ሰርተፍኬቶች አግኝተዋል። አገሪቱ የአይቲ ባለሙያ ያንሳታል እየተባለ በየጊዜው አዳዲስ ሥልጠናዎች ቢከፈቱም፣ ያመለከቱባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ እየጠየቁ መልሰውዎታል። አሁን ደግሞ አንድ የማሠልጠኛ ተቋም በአሠልጣኝነት ሊቀጥርዎ ስለፈለገ፣ ይህን ልቀበል ወይስ አራተኛ ሥልጠና ልውሰድ ብለው ጠይቀዋል።

ባለሙያ ጠፋ የሚሉት ቀጣሪዎችም፣ ሥራ አጣሁ የሚሉት እርስዎም እውነታችሁን ነው። ቀጣሪው አጣሁ የሚለው የደመወዝ መክፈያው ሲስተም ወር መጨረሻ ላይ ቢቆም ብቻውን ገብቶ ምክንያቱን የሚያገኝ፣ መረጃ ሳያጠፋም ሥራውን የሚያስቀጥል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የመማሪያ ክፍል ብቻውን አያወጣውም። ክፍል መሠረቱን ያስይዛል፤ ቀሪው የሚገኘው ሰዎች በየዕለቱ በሚጠቀሙበት ሲስተም ላይ፣ የሚያርም ልምድ ያለው ሰው አጠገብ ሆኖ በመሥራት ነው። ብዙዎቹ የሥልጠና ፕሮግራሞች በጀታቸውም ሪፖርታቸውም በተመራቂ ቁጥር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከምረቃ በኋላ ያለው ይህ ወሳኝ ጊዜ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ይህ ከልብ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በዚህ ክፍተት ውስጥ ወድቀው የሚቀሩት እንደ እርስዎ የሚጠበቅባቸውን ሁሉ ያደረጉ ወጣቶች ናቸው።

ችግሩ የሥልጠና ጥራት ብቻ እንዳልሆነ የአንዴላ ታሪክ ያሳያል። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሌጎስ ውስጥ ሥራ ሲጀምር፣ ወጣቶችን በጥብቅ ምርጫ ተቀብሎ ደመወዝ እየከፈለ ያሠለጥን፣ ከዚያም በርቀት ለውጭ ኩባንያዎች እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳና በኬንያ ከነበሩት ጀማሪ ፕሮግራመሮቹ መካከል ወደ 400 የሚጠጉትን ለመቀነስ ወሰነ፤ ደንበኞቹ በብዛት የሚፈልጉት ልምድ ያላቸውን መሐንዲሶች ነበርና። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ የጎደለው ጀማሪውን ተቀብሎ እየሠራ እንዲበስል የሚያደርግ ገበያ ነበር።

የህንድ መንገድ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ኤንአይአይቲ በየከተማው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሲከፍት፣ በዚያው ዓመት የተመሠረተው የሶፍትዌር ኩባንያ ኢንፎሲስ ደግሞ ቆይቶ በማይሶር ከተማ ትልቅ የማሠልጠኛ ግቢ ገነባ፤ በዚያም ከተለያዩ የምህንድስና ዘርፎች የተመረቁ ጀማሪዎችን ቀጥሮ፣ ደመወዝ እየከፈለ ለወራት ካሠለጠነ በኋላ በቀጥታ ወደ ፕሮጀክት ቡድን ያስገባቸዋል። ለእኔ ከግቢው ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ ከሥልጠናው በኋላ ሥራ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ነው። ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፊት ባሉት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረትን በ2 አኃዝ ብቻ የሚመዘግቡ አሮጌ ፕሮግራሞችን፣ 2000ን ከ1900 እንዳያምታቱ የማረም ሥራ በብዛት ወደ ህንድ ኩባንያዎች ሄዶ ነበር። የሌላ ሰው የቆየ ኮድ መስመር በመስመር ማንበብ፣ ማረም፣ መሞከርና ያረሙትን መመዝገብ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጀማሪ የሙያውን ሥርዓት የተማረው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ፣ ማመልከቻዎን «ፕሮግራመር» በሚል ርዕስ በወጡ ማስታወቂያዎች ላይ ብቻ እንዳይወስኑ ነው። የአይቲ ድጋፍ፣ የሶፍትዌር ፍተሻ፣ የሲስተም ጥገና የሚባሉት የሥራ መደቦች ዝቅ ተደርገው ይታያሉ፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከእነዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ኢንተርኔት አይሠራም» ብላ ደወለች እንበል። ያልሠለጠነው ሰው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል። የሠለጠነው መጀመሪያ ገመዱን ያያል፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን የቁጥር አድራሻ ይመለከታል። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ ዊንዶውስ አድራሻ ከሚያድለው ሰርቨር መልስ አጥቶ ለራሱ የሰጠው ነውና ፍለጋው ወደ ኔትወርኩ ይሄዳል። አድራሻው ትክክል ሆኖ በቁጥር የተጠራ የውጭ ሰርቨር መልስ ከሰጠ፣ በስም የተጠራው ግን ካልተገኘ፣ ችግሩ ስምን ወደ አድራሻ በሚቀይረው አገልግሎት፣ ማለትም በዲኤንኤስ በኩል ነው። በመጨረሻም ያየውንና ያደረገውን በ3 ወይም በ4 መስመር ጽፎ ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳይ ችግር ሲመጣ ሌላው ባልደረባ ከዜሮ አይጀምርም። የኔትወርክ ሰርተፍኬትዎ ትርጉም የሚያገኘው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ በቃለ መጠይቅ ላይም አንድን ብልሽት በዚህ ቅደም ተከተል ማስረዳት የሚችል ሰው ወዲያው ይለያል።

ሥራው እስኪገኝ ድረስ ልምዱን በከፊል ራስዎ መፍጠር ይችላሉ። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን አስመስሎ የሚያስነሣውን ቨርቹዋልቦክስ የተባለ ሶፍትዌር ጭነው 2 ወይም 3 የሊኑክስ ሰርቨሮችን ያስነሡ፤ አንዱ ላይ ዳታቤዝ ያስቀምጡ፣ ባክአፕ (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) ይውሰዱ፣ ከዚያ ሆን ብለው ዳታቤዙን አጥፍተው ከባክአፑ ይመልሱት። ባክአፕ አለኝ የሚል ብዙ ነው፤ መልሶ ሞክሮ ያረጋገጠ ግን ጥቂት ነው። ለአንድ ማኅበር ወይም ቤተ መጻሕፍት ትንሽ የመዝገብ ሲስተም ሠርተው ካስረከቡ ደግሞ፣ ከተረከቡት በኋላ ቢያንስ ለጥቂት ወራት አይተዉአቸው፤ ተጠቃሚ ሲያማርር መስማትና ማስተካከል ከመሥራቱ የበለጠ ያስተምራል። ኮዱንና የለውጦቹን ታሪክ፣ እያንዳንዱን የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት በተባለው ሶፍትዌር ያስቀምጡ።

ስለ አራተኛው ሰርተፍኬት ብዙ አልልም። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በብዙ አገሮች ጥሩ መሠረት ሲያስይዝ የኖረ ነው፤ ሥልጠናን አልነቅፍም። ነገር ግን ሲሲኤንኤ የተባለው የሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፍኬት የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው፤ የሚሠሩበት ቦታ ሳይኖር ቢፈተኑ ዕውቀቱ በእጅዎ ሳይገባ የሰርተፍኬቱ ጊዜ ይነጉዳል። አንድ ቀጣሪ በግልጽ የጠየቀው ወይም የያዙት ሥራ የሚፈልገው ሲሆን ይውሰዱት።

አሁን ወደ አሠልጣኝነቱ ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ገቢ ያስፈልግዎታል፣ ማስተማርም የራስን ዕውቀት ያጠራል። ነገር ግን ሲስተም ሲበላሽ አይቶ የማያውቅ አሠልጣኝ፣ እንደ እርስዎ ሰርተፍኬት ይዞ በር የሚያንኳኳ ሌላ ትውልድ እንዳያወጣ እፈራለሁ፤ ይህ ለእርስዎም ለሰልጣኞቹም ለአገሪቱም ጉዳት ነው። ስለሆነም ሙሉ ጊዜዎን ሳይሰጡ፣ ከሳምንቱ ግማሹን ለማስተማር ብቻ ይስማሙ። በቀሪው ጊዜ የተቋሙን የራሱን ኔትወርክና የተማሪዎች መዝገብ ሲስተም የማስተዳደር ኃላፊነት ይስጡኝ ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ተቋማት ይህን ሥራ የሚሠራላቸው ሰው የላቸውምና እምቢ ለማለት ምክንያት አይኖራቸውም። ኃላፊነቱም በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠይቁ «አሠልጣኝ» ተብሎ ብቻ እንዳይሰጥዎ።

ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ሲሳሳቱ የሚያርምዎ፣ ሥራዎን ዐይቶ አስተያየት የሚሰጥዎ ልምድ ያለው ሰው እዚያ አለ ወይ? ከሌለ ውሉን ለ6 ወር ብቻ ይፈርሙና በእነዚያ ወራት የድጋፍና የጥገና ሥራ ማመልከቻዎን ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። ካለ ግን፣ ደመወዙ ከሌላው በጥቂቱ ቢያንስም እንኳ፣ ቢቀበሉት እመርጣለሁ።