ባትሪ ገሳ አይለብስም

ሰኔ ግም ሲል የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይለወጣል። በበጋ «የትኛውን ድሮን ልግዛ?» የሚለው ይበዛ ነበር፤ አሁን ሁሉም ስለ ባትሪ ሆኗል። የሚበዙት ጠያቂዎች ጎጃም ውስጥ በድሮን የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈትሹ ናቸው፦ ግማሹ በትልቁ ማስተላለፊያ መስመር፣ ግማሹ በየቀበሌው በሚገባው የእንጨት ምሰሶ መስመር ላይ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው እንጅባራ ነው። መስመራችን በባሕር ዛፍና በዲከረንስ መሐል ያልፋል። ዝናቡን ያውቁታል፤ ጠዋት ፀሐይ ቢወጣም ምሳ ሰዓት አያደርስም። ባትሪው ውኃ እንዳያስገባ ዙሪያውን ሲሊኮን ለጥፌ በፌስታል ልጠቀልለው ነው። ባልደረባዬ ተው ይለኛል። ልክ ማን ነው?

ባልደረባህን ቡና ጋብዘው። እረኛው ገሳ ደርቦ ቀኑን ሙሉ ዝናብ የሚችለው ገሳው ውኃውን እያንሸራተተ ከታች ክፍት ስለሆነ ነው። ፌስታል ትንፋሹንም ይዘጋል። ባትሪ ሲሠራ ይሞቃል፤ በተለይ ድሮኑ ሲነሳና ከነፋስ ጋር ሲታገል። ያ ሙቀት መውጫ ካጣ ሴሎቹ ያብጣሉ። ፌስታሉ ውስጥ የቀረችው ትንሽ እርጥበትም መሄጃ የላትም፤ አየሩ ሲበርድ ጠብታ ሆና እዚያው የባትሪው መሰኪያ ላይ ታርፋለች።

ስለ ሲሊኮኑ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ያኔ የምጠቀምበት ራሴ የገጣጠምኩት ድሮን ነበር። ገመዱ መሰኪያው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ፣ ለመስኮት መስታወት በሚሸጠው ሲሊኮን ደፈንኩት። ሲቀቡት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለውን ታውቀዋለህ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድሮኑ በአየር ላይ እያለ ድንገት ጉልበት አጣና ጤፍ ማሳ ላይ አረፈ። ሲሊኮኑን በምላጭ ስልጠው የመዳቡ ክሮች እንደ አሮጌ መስቀል አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል፤ ሁለቱ ክሮች በጣቴ ስነካቸው ተሰበሩ። ያ ሽታ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ሲሊኮኑ ሲደርቅ ይለቀዋል፣ መዳብ ደግሞ ይበላበታል። የግድ መድፈን ካስፈለገህ የማይሸተውን ዓይነት ፈልግ። እሱንም ገመዱ መግቢያ ላይ ብቻ እንጂ የባትሪው አካልና መተንፈሻው ላይ አታስነካው።

በእኔ ልምድ ብዙ ባትሪ ውኃ የሚያገኘው በረራ ላይ አይደለም፤ ካረፈ በኋላ ነው። ድሮኑ ጀርባው እንደራሰ ይመጣል፣ አንተ ትቸኩላለህ፣ ባትሪውን መዘዝ ስታደርገው ጀርባው ላይ የተጠራቀመው ውኃ ቀጥ ብሎ ወደ ባትሪው ማደሪያ ይወርዳል። ከዚያ ደረቁን ባትሪ እርጥቡ ላይ ትሰካለህ። ስለዚህ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጀርባውን ጥረግ፣ ከዚያ ጃንጥላ ሥር ወይም መኪና ውስጥ ሆነህ ባትሪውን ቀይር፣ ሳትሰካ በፊት ሁለቱንም መገናኛዎች ተመልከት። ለኤሌክትሪክ መገናኛ ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት እንደ ጥላ ስስ አድርገህ ብትቀባበትም ይጠቅማል። አደራ፣ የመኪና ግራሶ አይደለም።

ባሕር ዳር ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ማትሪስ 350 የሚባለውን ድሮን ገዝቷል። አይፒ55 ስለሆነ ዝናብ አያሳስባችሁም ተብለናል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። አይፒ55 ዕቃው አቧራንና ውኃን ምን ያህል እንደሚችል የሚናገር ደረጃ ነው፦ የመጀመሪያው 5 ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውኃ ነው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ በቧንቧ ቢረጭ ይችላል ማለት ነው፣ ውኃ ውስጥ መግባትን አያካትትም። ደረጃው የተሰጠው ባትሪዎቹ በቦታቸው ተሰክተው፣ ክዳኖቹ ሁሉ ተዘግተው ነው። ዝናብ ላይ ቆማችሁ ባትሪ ስትቀይሩ አይፒ55 የሚባል ነገር በእጃችሁ የለም። ጎማዎቹም ያረጃሉ፤ የሁለት ዓመት ድሮን የመጀመሪያ ቀኑን ያህል ውኃ አይችልም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ግርጌ ወጥተን እንሠራለን። ማለዳ 95 በመቶ የሚያሳየው ባትሪ ድሮኑ ተነስቶ ደቂቃ ሳይሞላ ያስጠነቅቃል። ከሰዓት ያው ባትሪ ደህና ይሠራል። ተበላሽቶ ነው?

ባትሪው ደህና ነው፣ በርዶት ነው። ማር ቆላ ሲወርድ እንደሚፈስ፣ ደጋ ሲወጣ እንደሚረጋ ታውቃላችሁ። በባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽም ሲበርድ ይወፍራል፣ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል። ኃይሉ አለ፣ ግን በፍጥነት መውጣት ያቅተዋል፤ ድሮኑ ከፍ ለማለት ብዙ ከረንት ሲስብ ቮልቴጁ ድንገት ይወርዳል፣ ማስጠንቀቂያውም ይጮኻል።

የእናንተ ችግር እጥፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ጮቄ አናት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ በሲሶ ገደማ ይሳሳል። በሳሳ አየር ክንፎቹ ይበልጥ መፍጠን አለባቸው፣ ይበልጥ ከረንት ይስባሉ። ብርዱ ባትሪውን ሲያዳክመው ከፍታው ደግሞ ይበልጥ አምጣ ይለዋል። አምራቹ የጻፈውን የበረራ ደቂቃ እዚያ ላይ አትጠብቁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ባትሪው ከ20 ዲግሪ በላይ ይሁን። ራሱን የሚያሞቅ ካልሆነ እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ አንድ ሃይላንድ ለብ ባለ ውኃ እሞላለሁ (ፍል አይደለም)፣ ክዳኑን አጠብቃለሁ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ከባትሪዎቹ ጋር አገልግል ውስጥ እከታለሁ፣ ላዩን ጋቢ አለብሰዋለሁ። እንጀራን እስከ ምሳ ለብ አድርጎ የሚያቆይ አገልግል ባትሪ አያቅተውም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ስቆበታል፤ ጮቄ አብሮኝ የወጣ ቀን ግን ባትሪዎቹን ራሱ አምጥቶ ከእኔው ጋር ከተተ። ከተነሳችሁ በኋላ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብላችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቁሙ፤ ባትሪው በሥራው ራሱን ያሞቃል። እሳት ዳር ወይም የመኪና ጭስ ማውጫ አጠገብ ግን ማሞቅ የለም።

ማታ ውጭ ያደረ ባትሪንም እንደገባ ቻርጀር ላይ አታድርጉት። ከዜሮ ዲግሪ በታች የተሞላ ሊቲየም በውስጡ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፤ ያ ጉዳት አይመለስም፣ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግም ይችላል። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ።

ደጀን ነን። ጠዋት ከላይ ብርድ፣ አባይ በረሃ ስንወርድ እሳት። ባትሪውን አይስ ቦክስ ውስጥ ብናደርገውስ?

ያለ በረዶ ከሆነ ጥሩ ነው። በረዶ ከጨመራችሁበት፣ ቀዝቃዛውን ባትሪ በሸለቆው ሙቅ አየር ስታወጡት እንደ ቀዝቃዛ የቢራ ጠርሙስ ያልበዋል፤ ላቡ ደግሞ መገናኛው ላይ ነው። ጥላ፣ ክፍት መስኮትና ባዶ አይስ ቦክስ ይበቃል። ካረፈ በኋላ በእጃችሁ ስትነኩት ሙቀቱ እስኪጠፋ ሳትጠብቁ ቻርጅ አታድርጉ፤ 40 ዲግሪ ካለፈ መሙላት የለም። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከጠርዙ አስነስታችሁ ወደ ታች ከበረራችሁ ግን ስሌታችሁ ይለወጣል፤ መውረዱ ርካሽ ነው፣ መመለሱ ውድ። ግማሽ ሲሆን ሳይሆን 60 በመቶ ላይ ተመለሱ።

መስመሩ የሚበላሸው ክረምት ነው፤ እናንተ ደግሞ በዝናብ አታብሩ ትላላችሁ። እንዴት ይሆናል? — ከዳንግላ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ዛፍ የሚወድቀውም ስኒ (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሸክላ) የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። ግን ምን ልታዪ እንደምትበሪ መጀመሪያ ወስኚ። የላላና የሚግል መገናኛ ሙቀት በሚያየው በቴርማል ካሜራ ለመፈለግ ከሆነ በዝናብ መብረር ከንቱ ልፋት ነው፤ ዝናቡና ነፋሱ መገናኛውን ያቀዘቅዙታል፣ የታመመው ጤነኛ መስሎ ይታያል። መስመሩ ጭነት ተሸክሞ፣ ደርቆ፣ ነፋስ ሲረጋ ይሁን። የወደቀ ቅርንጫፍና የተሰበረ ስኒ ለማየት ከሆነ ግን ተራው ካሜራ ይበቃል፣ ዝናቡ ጋብ ባለ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይታያል። ለዚያች ሩብ ሰዓት የሞቀና የደረቀ ባትሪ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት፤ የክረምት ሥራ ማለት ይኸው ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን የለም። ወደ ሽቦውም አትጠጊ፤ የመስመሩ መግነጢስ የድሮኑን ኮምፓስ ያሳስተዋል።

ባትሪዎቹን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ማምጣት ይቻላል?

ቮልቱን በአምፒር ሰዓት አባዙት። 14.8 ቮልትና 5 አምፒር ሰዓት 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 በታች ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ይገባል። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን አስፈቅዶ፣ መለዋወጫው ቢበዛ ሁለት። ከ160 በላይ በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም፤ የማትሪስ 350ው ባትሪ፣ ቲቢ65 የሚባለው፣ 263 ዋት ሰዓት ስለሆነ በመኪና ይምጣ። መለዋወጫ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። መገናኛዎቹን በናስትሮ ሸፍኑ።

ድሮናችን ሞጣ አጠገብ ጎርፍ ውስጥ ወደቀ። ባትሪውን ጤፍ ውስጥ ብንቀብረው ይደርቃል?

ጤፉን ለእንጀራ ተዉት። ያ ባትሪ አብቅቶለታል፣ ደርቆ ቢበራም አይበርም፣ ቻርጅም አይደረግም። የጎርፍ ውኃ ሲደርቅ ጭቃውና ጨዉ ውስጥ ይቀራል፣ ከሰዓታት በኋላ ሊጨስ ይችላል። ከቤትና ከልጆች ርቆ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ቢቀጣጠል ብዙ ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ ጭሱን ግን አትተንፍሱት፣ መርዝ ነው።

ስታበሩ ሰው አይደነግጥም? — ከቢቸና

ይደነግጣል። ለምን እንደሆነ ለጎጃም አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ሳይዙ ማስነሳት የለም፤ ፈቃዱ በእጅ ኖሮም ለቀበሌውና ለአካባቢው ሰው ቀድሞ መንገር፣ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ቆሞ ማስነሳት ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ «ዛሬ አይሆንም» ካሉ ዛሬ አይሆንም።

ክረምቱን ሙሉ ካልበረርን ባትሪውን እንዴት እናስቀምጥ? — ከቡሬ

ሞልታችሁ አይደለም፣ አሟጣችሁም አይደለም፤ በሴል 3.8 ቮልት ገደማ፣ ማለትም ግማሽ አካባቢ። የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ከረጢት ጋር ይቀመጥ። ሲሊካው ቀለሙን ሲለውጥ እርጥበት ጠግቧል፤ ምግብ በማይሠራበት አሮጌ ብረት ድስት ላይ በለዘብታ እሳት ይመለሳል። በወር አንዴ ቮልቱን ለኩና ቀኑን ባትሪው ላይ በለጠፋችሁት ፕላስተር ላይ ጻፉበት። የእኔዎቹ ፕላስተር ላይ አሁን የግንቦት 21 ንባብ አለ፦ 3.82፣ 3.81፣ 3.82፣ 3.64። አራተኛው ሰኔን አይሻገርም።