ለኮምቦልቻ ልጅ በያጆች

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ስለ መርከብ ብየዳ ማውራት ሊያስቃችሁ ይችላል። እኔ ግን ሙያውን የጀመርኩት በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ላይ ነው። በባቲና በሚሌ በኩል በጭነት መኪና ወርጄ፣ የወደብ ጀልባ ስጠግን ነው እጄ የተፍታታው።

ጥፋቴን ልንገራችሁ። ወደ ኮምቦልቻ ተመልሼ የውሃ ታንከር ታዘዝኩ። ረጅሙን መጋጠሚያ ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ ሳላቋርጥ እስከ ሌላው ወሰድኩት። መስመሩ ሲያምር! ሲቀዘቅዝ ግን ላሜራው ጠርዙ እንደደረቀ እንጀራ ተቆለመመ። በመዶሻ ብለው፣ በእሳት ብለው፣ እምቢ አለ። ባለቤቱ ቆሞ እያየኝ ቆርጬ እንደገና ሠራሁት።

ትልልቅ መርከብ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጣጣ ጠንቅቀው ያውቁታል። ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከመሃል ተነስተው ወደ ዳር ይበይዳሉ። መጀመሪያ አጫጭሩን መጋጠሚያ፣ ከዚያ ረጅሙን። ሁለት በያጆች ግራና ቀኝ ሆነው እኩል ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አይቀድምም። መርከቡንም ባንዴ አይገጥሙትም። ክፍል ክፍሉን መሬት ላይ ሠርተው በክሬን ያገናኙታል። ክፍሉን ገልብጠው ስለሚሠሩት አብዛኛው ብየዳ ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚሠራ ይሆናል። አንጋጦ መበየድ ምን እንደሚመስል አንገታችሁ ያውቃል!

ጠፍጣፋውን ላሜራ ማሽን ነው የሚበይደው። የሚበይደው ሽቦ ፍላክስ በሚባል የብየዳ ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ ይቀልጣል፤ ዱቄቱ ስለሚሸፍነው ብልጭታው አይታይም።

አንድ መርከብ ግን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ስኬኔክታዲ የሚባል አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደቡ ላይ ታስሮ ቆሞ ሳለ ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ሲቀረው ተሰነጠቀ። ማዕበል የለም፣ ቀኑ ብቻ ብርድ ነበር። የዚያን ጊዜው ብረት ብርድ ሲመታው ይሰባበራል፣ ብየዳውም ላይ ጉድለት ነበረበት። በድሮው በሪቬት፣ ማለትም በብረት ችንካር፣ የተያያዘ መርከብ ቢሆን ስንጥቁ የላሜራው ጠርዝ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። በብየዳ ግን መርከቡ ሁሉ አንድ ብረት ስለሆነ ስንጥቁ መንገድ አገኘ።

የኤሌክትሮድ ነገርም አለ። 7018 የሚባለው የብየዳ ዘንግ እርጥበት ከሳበ ውሃው በእሳቱ ሃይድሮጂን ይሆንና ብረቱ ውስጥ ይገባል። ስንጥቁ ወዲያው ላይታይ ይችላል፣ ሒሳብ ተቀብላችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ሌሊት ይመጣል። ለዚህ ነው መርከብ የሚሠሩት ከ300 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ የሚያደርቁት፣ ሲሠሩም በሙቅ ሳጥን የሚይዙት። ደሴ የምትሠሩ ደግሞ በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም ታውቁታላችሁ፤ ፓኬት ከፍታችሁ አትደሩ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ልጅ 7018ቱን ከነፓኬቱ በር ላይ ክፍት ትቶት አገኘሁ። ዝናቡ እየረጨው ነው። ለነዳጅ ታንከር ሊጠቀምበት ነበር። «ይሄንን ለአጥር አድርገው» አልኩት። «ጋሼ፣ ደረቅ እኮ ነው!» ብሎ በጣቱ ዳሰሰው።